ድጓ ቤት ውስጥ ስርዓተ ክወና ስንገነባ

አፌ ሁልጊዜ ከእጄ ይቀድማል። ይህን የምታውቀው ባለቤቴ ወደ ሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ስሄድ ጋቢዬን አፌ ላይ እንድጠመጥም ትመክረኛለች። ያን ቀን ሞቆኝ ነበርና ያለ ጋቢ ሄድኩ።

የስብሰባው ጉዳይ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ። የደብራችን ድጓ ቤት ድጓውን እየጻፈ እንዲያስቀምጥባቸው የበላይ ጽሕፈት ቤት የላካቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን አልጠየቅኩም፤ አንዱን ስከፍተው ግን ከሆዱ የወጣው አቧራ ጤፍ ቢዘራበት ያበቅላል። ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ ስለተቀመጡ ደብዳቤ መጣ። እስከ ዓርብ ሥራ ካልጀመሩ በማኪና ተጭነው እንፍራንዝ አካባቢ ላለ ሌላ ደብር ይሰጣሉ ይላል።

ለሌላው ሰው ይህ የዕቃ ጉዳይ ነው። ለየኔታ ግን የዓይን ጉዳይ ነበር። የኔታ የድጓ መምህራችን ናቸው። እኔንም በልጅነቴ ሦስት ዓመት አስተምረውኛል፤ ጥያቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ስለሄድኩ ይኸው ራሴ ተመልጦም "ኮብላዩ" እያሉ ይጠሩኛል። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። የብራናው ፊደል ይደበዝዝባቸዋል፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶችማ ጭራሽ አይታዩዋቸውም። በቃላቸው ያስተምራሉ። ነገር ግን ተማሪ ሲከራከራቸው መጽሐፉን ገልጠው "ይኸው" ማለት አልቻሉም፤ ይህ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ያከሳቸው ነገር ነው። ኮምፒውተር ፊደሉን የቡጢ ያህል ሊያጎላላቸው ይችላል።

ታዲያ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የተለመደው ስርዓተ ክወና ለእነዚያ ማሽኖች ከበዳቸው። ሲነሣም የዜማ ምልክቶቹን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። ስብሰባው ላይ እኔ ተነሣሁ። ምንጩ፣ ማለትም የተጻፈበት ጽሑፍ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና እንዳለ፣ ማንም ወስዶ የማያስፈልገውን ጥሎ የሚያስፈልገውን ጨምሮ ለራሱ ማሽን እንደሚገነባው አስረዳሁ። እዚህ ላይ ብቀመጥ ጥሩ ነበር። ስንቱን እንደገነባሁ ቁጥር የለውም ብዬ ጨመርኩበት። እኔ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የምኖር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ እስከዚያች ቀን በሕይወቴ የገነባሁት የዶሮ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ዘሟል።

ምንጩን ማራኪ፣ ቤቴ ሆኜ ከኢንተርኔት አወረድኩት። ታትሞ መንገድ ላይ ቢነጠፍ ከጎንደር ድብ ባሕር ደርሶ ይመለሳል። እሑድ ዕለት ማሽኑ ላይ ገልብጬ ሳደራጀው የኔታ አጠገቤ ተቀምጠው ምን ምን እንዳለበት ጠየቁኝ። በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ እየመሰልኩ አስረዳኋቸው። ማንም ዘው የማይልበትን የውስጡን ክፍል መቅደስ በሚል ፎልደር አስቀመጥኩ፤ ለእሱ የሚያቀብሉትን ቅድስት፣ ሰው የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ቅኔ ማሕሌት አልኩ። የኔታ አሰብ አድርገው ደጀ ሰላሙ የት እንዳለ ጠየቁ። ማሽኑ ሲበራ በሩን የሚከፍተውን ፕሮግራም ረስቼው ኖሯል። የኮምፒውተር መዳፊት፣ ማውስ የሚባለውን፣ ነክተው የማያውቁ ሰው ከስህተት አወጡኝ፤ እኔም ሆን ብዬ እንደፈተንኳቸው አስመሰልኩ።

ሰኞ ግንባታው ተጀመረ። ሥራው ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ መብራቱ ደግሞ ሙሉ ቀን አይቆይም። አላሳሰበኝም፤ ምንጩን ፋይል በፋይል ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው መገንቢያ ፕሮግራም ያለቀለትን አይደግምም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ጠፋ፣ መጣ፤ ከመጀመሪያው ፋይል ጀመረ። ማክሰኞም ከመጀመሪያው። ረቡዕ አንድ ዲያቆን ጠበል እንርጨው አለ፤ ከውጭ ብቻ ከሆነ ብዬ ፈቀድኩ። ረጨው። ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ገቡና አንገቴን ደፍቼ አገኙኝ።

"ምነው፣ ዛሬም ከሀ ጀመርክ?" አሉኝ።

ጀመርኩ አልኩ። መገንቢያው ያለቀውንና ያላለቀውን በምን እንደሚለይ ጠየቁኝ። ቀን እንደሚያስተያይ ነገርኳቸው፤ የተሠራው ከምንጩ በኋላ ከተጻፈ አልቋል ብሎ ያልፈዋል፤ ምንጩ በኋላ ከተጻፈ ግን ተለውጧል ብሎ እንደገና ይሠራዋል።

"ቀኑን ከማን ይጠይቃል?"

"ከራሱ ሰዓት።"

መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"እሱንማ እኔ አርሜዋለሁ" አሉ።

እሑድ ዕለት ፊደል እንዴት እንደሚጎላ ላሳያቸው ብዬ ቀኑን የሰፌድ ያህል አድርጌው ነበር። እንዲለማመዱም ቁጥሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቀስት አሳየኋቸው። ከስክሪኑ ላይ የሚታያቸው ቀኑ ብቻ ሆነ። የኔታ ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ናቸው፤ በዓሉንና ጾሙን ለደብሩ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰው ስምንት ዓመት የሳተ ማሽን አይተው ዝም ይላሉ? ሰኞ ማለዳ እኔ ሳልመጣ ገብተው፣ ወሩንም ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር አስተካክለው ወጡ።

የእኔ ፋይሎች ግን ከማራኪ የመጡት በፈረንጅ ቀን ነው። ስለዚህ መገንቢያው ባየ ቁጥር ልጅ ከእናቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተወልዶ ያገኛል፤ ይህማ አይሆንም ይልና ሁሉንም አፍርሶ ይጀምራል። በየመስመሩም ይህ ፋይል የመጣው ከወደፊት ነው እያለ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሟል። እኔ ማስጠንቀቂያ አላነብም፤ ባነብ ኖሮ ስብሰባው ላይ ባልተነሣሁ።

ቀኑን ልመልስ እጄን ስዘረጋ መቋሚያቸው በእጄና በመዳፊቱ መካከል አረፈ።

"ተው። በዚህ ግቢ የተሳሳተ ቀን አይጻፍም። ልጆቹ እሱን አይተው በጾም ወተት ቢጠጡ ማን ሊጠየቅበት ነው?"

"የኔታ፣ ነገ ማኪናው ይመጣል። ፊደልዎም አብሮ ተጭኖ ይሄዳል።"

መቋሚያቸውን ሳያነሡ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

"የሳቱት ፋይሎችህ አይደሉም?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ቀኑን ምን አድርግ ትለዋለህ፤ እነሱን መልሳቸው።"

የሚያሳፍረው፣ ልክ ነበሩ። አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ። ቁጥራቸው የጥምቀትን ሕዝብ የሚያህል ፋይሎች ባንድ ርጭት ወደ ኢትዮጵያ ዘመን ገቡ። የኔታ ሁሉም መግባታቸውን አረጋግጠው "ሸጋ" አሉና ወደ ጉባኤያቸው ሄዱ። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ። የረቡዕም ሥራ ስለተቆጠረለት ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ፤ ወደ አምስቱም ገለበጥኩት።

ዓርብ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ገመድ በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። ማሽኑን አበራሁ፤ እኔው ከነምልክቱ የጻፍኩትን የድጓ ገጽ አወጣሁና ስክሪኑ ላይ ሦስት ቃል ብቻ እስኪቀር አጎላሁት። የኔታ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ለማንበብ ወደ ኋላ ሲሸሹ ካየሁ ስንት ዓመቴ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣታቸውን አነሡና አንዲት ምልክት ላይ አሳረፉ።

"ይህች ያለቦታዋ ናት" አሉ። "ያኔም እዚህ ላይ ነበር የምትስተው። ይኸው።"

ፊታቸው የሙሽራ ፊት ሆኖ ነበር። እኔን፣ የሦስት ልጆች አባቱን መላጣ፣ ከተማሪዎቹ ፊት አቁመው ያቺን ሐረግ አስዜሙኝ። ሳትኩ። ደገምኩ፤ ሳትኩ። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ገመዱን መሬት አስቀምጦ ባርኔጣውን አውልቆ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጠ። በአራተኛው ሙከራዬ ላይ የማኪናው ሹፌር ከውጭ ጡሩምባውን ነፋ። የኔታ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ፣ አንድ ሰው ወጥቶ ባዶውን እንዲሄድ ይንገረው አሉ።