በጨጓራ የሞተችው ፈረንጅ

ጂንካ ውስጥ አንድ ሰው የማይድን በሽታ ሲይዘው ወሬውን ከሁሉም መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ያውቃል፣ ሙዝ የምትሸጥልን ሴትዮ እንኳ ታውቅና ሳትጠየቅ ምራቂ ትጨምራለች። በሽተኛው ግን ጨጓራ ነው ያለበት። እናቴም ጨጓራ ነበረባት።

ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲወጣ እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ ትቶ እኛን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ጠራን። ጉበቷ ላይ ያለው ነገር ተሰራጭቷል፣ አዲስ አበባ ብትወስዷትም ድካም ነው፣ ቤቷ ሆና ተንከባከቧት አለን። እህቴ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ባሏ መሀረብ አውጥቶ መጀመሪያ የእሷን ፊት፣ ቀጥሎ የራሱን ጠረገ። ከዚያ ሦስታችንም ፈገግታ ለጥፈን ተመለስንና «ጨጓራ ነው አለ» አልናት፤ በአንድ ድምፅ፣ እንደ መዘምራን። እናቴ ፊታችንን በየተራ አየችና «እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ካኮ ውሰዱኝ፣ እህቴን ልያት» ትለናለች። ታናሽ እህቷ ካኮ አግብታ እዚያው የቀረች ናት፤ እግሯን ስለሚያማት ጂንካ መምጣት ካቆመች ቆይታለች። እኛም «ስትድኚ እንወስድሻለን» እንላለን። የመልሱን ብልህነት ልብ በሉልኝ፤ የማትድን ሴት ስትድን የምትሄድበት ጉዞ! ካኮ ደግሞ ጨረቃ ላይ አይደለችም። ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍሮ መንገድ ላይ መውረድ ነው፣ በቃ። ግን የእህቴ ባል «አሁን ብንወስዳት ለስንብት ይመስልባታል፣ ትጠረጥራለች» አለ፤ እኛም እውነትህን ነው አልነው። እንዳትጠረጥር ብለን እንዳትሰናበት አደረግናት።

ይኸው የእህቴ ባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ቤት ውስጥም ሁላችንም መምህር ነው የምንለው። ጠያቂዎች ይመጣሉ። የእናቴ ፊት ጭብጥ የማይሞላ ሆኖ ሳለ «ፊትሽ ተመልሷል፣ ጌታ ይመስገን!» ይሏታል፤ ከዚያ ግቢ ወጥተው እሷ እስክትሰማቸው ድረስ ያለቅሳሉ። ይህን ያየው መምህር ቤቱን ደስታ የራቀው ፊልም ስለሌለ ነው ብሎ ደመደመ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዲቪዲ ተከራይቶ መጣ። ሽፋኑ ላይ ፀጉራም ካፖርት የለበሰች ቆንጆና አንድ ሽቅርቅር ሰውዬ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው ይስቃሉ። «የድሮ ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ንጹሕ የፍቅር ፊልም» አለ፤ ክፍሉ ውስጥ የጸሎት ቡድን ሴቶች ስለነበሩ ንጹሕ የሚለውን ጠበቅ አድርጎ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አላነበበም። እንግሊዝኛ ያስተምራል እንጂ ያነባል ማን አለ?

ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ ክፍል ውስጥ እንደለመደው ጣቱን እየቀሰረ ይተረጉምልን ጀመር። ሴትዮዋ ሀብታም ናት፣ ፈረስ አላት፣ ባሏ ይወዳታል። እስከዚህ ድረስ ደህና። አንድ ጭፈራ ላይ እየደነሰች ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪም መጣ፤ ሲጋራውን እያቦነነ መረመራት። ከዚያ ባሏን በዓይኑ ጠቅሶ ወደ ኮሪደር አወጣውና በሩን ዘጋ። አንድ ነገር ነገረው። ባልየው ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ።

ፈረንጆቹ ከእኛ የሰረቁት ነበር የሚመስለው። እናቴ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች።

«ምን አለው?»

መምህር የቀሰረውን ጣት አጠፈ። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ ጠፋበት።

«ምን አለው፣ መምህሬ?»

«ጨ... ጨጓራ ነው አለው።»

እህቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በዓለም ላይ ስንት በሽታ አለ! ታይፎይድ አለ፣ አስም አለ። ወባ ቢልስ? በዚህ አገር ወባ ሲባል ማን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሰውዬው ግን ውሸታችንን ለምዶት ስለነበር አፉ ላይ የመጣለት እሱ ብቻ ነው።

«ለጨጓራ ነው እንዴ ግድግዳ የሚያቅፈው?» አለች እናቴ።

«ፈረንጆች ሆደ ቡቡ ናቸው፣ እማማ» አላት።

የዚያን ቀን መብራት እንዲጠፋ እንደጸለይኩት ለምንም ነገር ጸልዬ አላውቅም። ያ በየቀኑ ማንንም ሳያማክር የሚሄድ መብራት ያን ዕለት ዘብ እንደተቀጠረ ቆሞ ዋለ። ከጸሎት ቡድኑ ሴቶች አንዷ ተነስታ «ይዘጋና እንጸልይ» ብትል እናቴ በእጇ መለሰቻት። «ተይው። የዚችን ጨጓራ መጨረሻ ልየው።»

እናም አየነው። ሴትዮዋ እንደማትድን በገዛ ራሷ ደረሰችበት። ለማንም አልነገረችም። ባሏ ለሥራ ሲሄድ ምንም ሳታስጠረጥረው እየሳቀች በባቡር ሸኘችው፤ ቤቷ ተመለሰች፤ ሠራተኞቹን አሰናበተች፤ ፀጉሯን አበጠረች፤ ከንፈሯን ቀባች፤ ነጭ አልጋ ላይ ቀና ብላ ጋደም አለች። አንድ ጠያቂ የለ፣ አንድ ሙዝ የለ። ቫዮሊን ብቻ። ላብ እንኳ ሳያልባት ዓይኗን ጨፈነች።

«ተኛች» አለ መምህር።

ሐኪሙ ገባና አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳበው።

«በርዷት ነው» አለ መምህር።

እናቴ ሳቀች። እንደ ጤነኛ ሰው፣ ሆዷን ይዛ፣ እያመማት ሳቀች። እኛም ተከተልናት፤ ከዚያ እህቴ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እናቴ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«መምህሬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጨጓራው ገደላት በል እንጂ። ምን ቸገረህ?»

መምህር አቀርቅሮ የዲቪዲውን ሽፋን ያገላብጥ ጀመር፤ ጀርባውን ያነበበው ያኔ ነው።

«ሞኝ ደግሞ ናት» አለች እናቴ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች። «ባሏን ሸኝታ ብቻዋን ትሞታለች? ውሃ ማን ያቀብላታል?» ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። እናቴ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የተማረችው፤ ዋጋ አንዴ ነው የምትናገረው። «ነገ ካኮ ውሰዱኝ። ስድን አይደለም፣ ነገ። ቁጭ ማለት እየቻልኩ ሳለሁ።»

«እሺ» አልናት። በአንድ ድምፅ ሳይሆን እየተቆራረጥን።

በማግስቱ በአንድ ጎረቤታችን ፒክአፕ፣ ጋቢና ውስጥ በትራስ ደግፈን ወሰድናት። አክስቴ በምርኩዟ እየተጎተተች ከቤት ወጣች። ተቃቀፉና ሳይላቀቁ በእናት ቋንቋቸው በአሪኛ ማውራት ጀመሩ። እኔ አሪኛ የምሰማው እንደ ልጅ ነው፤ ስለ ምግብና ስለ ቁጣ ከሆነ ይገባኛል። አክስቴ የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ምን እንዳገኛት ስትጠይቃት ግን ገባኝ። እናቴ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችን። ከዚያ በረጅሙ መለሰችላት፤ ሁሉም በአሪኛ፣ አንዷ ቃል ብቻ በአማርኛ።

«ጨጓራ።»

አክስቴ እፎይ አለች። ፊቷ ሲፈካ አየሁት። ጨጓራማ ይድናል አለቻት፤ እናቴም አዎ ይድናል አለቻት፣ ዓይኗ እርግብ ሳይል።

መምህር ድንገት የመኪናው ጎማ አሳሰበውና ጎንበስ ብሎ ይመረምረው ጀመር። እህቴም ሄደች። እኔም ሄድኩ። ሦስታችንም ደህና የሆነ ጎማ ከበን አለቀስን። አክስቴ አየችንና እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች። እናቴ እጇን ይዛ ወደ ቤት እየመራቻት «ተያቸው፣ ሆደ ቡቡ ናቸው» አለቻት።