እግር የሌለው ፎቶ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ፎቶ ቤት ስሠራ፣ ደንበኛ ሁሉ ከአናቱ እስከ ጫማው ካልታየ ፎቶ ተነሳሁ አይልም ነበር። እኔ ደግሞ የምወደው ፊትን ቀረብ ብሎ ማንሳት ነው፤ ለጫማ ፊልም ማባከን ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ከዓለም ጤና ከተማ አንዲት እናት መጡ። ጦር ግንባር ላለው ልጃቸው የሚልኩት ፎቶ ፈልገው ነው። ተጠግቼ ፊታቸውን ብቻ አነሳሁ። የመስኮቱ ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አርፎ፣ እስከዚያ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ወጣልኝ።

ሊወስዱ ሲመጡ አገላብጠው አዩትና፣ "እግሬስ?" አሉኝ።

"እግር ምን ያደርግልዎታል? ፊትዎ እንዴት እንዳማረ አያዩም?" አልኩ ቆጣ ብዬ።

"ልጄ ሲሄድ መነሳት አቅቶኝ አልጋ ላይ ነበርኩ" አሉ። "አሁን መቆሜን በምን ይወቅ?"

ካሜራዬን አነሳሁና ጀርባዬ ግድግዳውን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ሄድኩ።