ዱካክ በቀትር

የያዙኝ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የታሰሩ ወጣቶች የት እንዳሉ በጠየቅሁ ማግስት ነው። መኪናው በድሬ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሲሻገር ነጠላዬን አስተካከልሁ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት። በበሩና በወለሉ መካከል አራት ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። ብርሃንም ነፋስም የሚገባው በዚያ ብቻ ነበር።

ሁለት ሴቶች ቀድመውኛል። አንደኛዋ መጋላ ገበያ ጫት ሲሸጡ የኖሩ አሮጊት ናቸው፤ አዴ እንላቸው ነበር። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱን ሲያጡ እናቱን አመጡ። ሌላዋ በቦርሳዋ ሐሺሽ የተገኘባት ልጅ ናት። የሴቶች ክፍል ያው አንድ ስለሆነ ፖለቲካውም ሐሺሹም አንድ ምንጣፍ ላይ ይተኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ላይ ክርክር ተነሳ።

«ሐሺሽ እኮ መፈቀድ አለበት» አለች ልጅቷ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች።

አዴ ሳቁ። «ምን ቀረሽ? ሌብነትም ይፈቀድ በዪ እንጂ።»

«አቦ ተዪኝ አዴ። ያንቺ ቅጠል በመኪና፣ በጥሩምባ ከተማ ይገባል። የኔ ሲገባ ካቴና። ሁለቱም ቅጠል አይደሉም?»

«የኔ ዱዓ ይደረግበታል። የአባቴ አባት ቅሞታል። ያንቺን የትኛው አባት ባረከው?»

«እሱ ነው ነገሩ። ሽማግሌ የቀመሰው ሁሉ ሐላል ነው።»

ዳኛ ፈልገው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ያደግሁት ጫት ከሚቅም ሰው ጋር በአንድ ገበታ በማይቀመጥ አባት ቤት ነው። «ሁለቱንም አልፈቅድም» አልሁ።

«እቺ ደግሞ ከነንስሐ አባቷ ነው የታሰረችው» አለች ልጅቷ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ አዴ ባዶ አፋቸውን ሲያላምጡ አየሁ። ከታሰሩ ጀምሮ ቅጠል በአፋቸው አልዞረም። በዚያን ቀን ጠዋት መርማሪው አንድ ዙርባ ጫት፣ ገና ጤዛው ያልደረቀ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ልጅሽ የት ነው?» ብሏቸዋል። አልነኩትም።

«ሐራራውን እችለዋለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምፈራው ዱካክን ነው። ጫት የተቋረጠበት ሰው ሲተኛ መጥቶ ደረቱ ላይ ይቀመጣል። ከጠየቀሽ ሳትመልሺ አይተውሽም። ሲመጣብኝ የእግሬን አውራ ጣት ያዢልኝ፣ ልጄ። ያኔ ይለቃል።»

የድሬ ቀትር ማንንም ይጥላል። አዴ ተኙ፤ ዐይናቸው ግን በግማሽ ክፍት ነበር። እኔ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ከጉሮሯቸው የወንድ ድምፅ ወጣ። እኔንም የጠየቀኝ የመርማሪው ድምፅ ነው፤ ቃል መጨረሻ ላይ የሚስባት ነገር ሳትቀር።

«ልጅሽ የት ነው?»

ከዚያ በራሳቸው ድምፅ፣ እንደ ሕፃን፣ «እሺ፣ እናገራለሁ» አሉ።

በበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን ተቆረጠ። ሁለት ጫማዎች ቆመዋል። ሲመጡ አልሰማሁም።

አውራ ጣታቸውን ያዝሁ። በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል። ጨመቅሁት፤ ውዳሴ ማርያምንም ጮክ ብዬ ጀመርሁ። ልጅቷ ነቅታ ጫማዎቹን አየች። አንድም ነገር ሳትጠይቅ የውሃውን ጀሪካን እንደ ከበሮ ትመታ ጀመር። አዴ የአንድ ቦታ ስም ተናገሩ። በዚያ ጩኸት መካከል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ነቁ።

በሩ ተከፈተ። መርማሪው ነው።

«አሮጊቷ ምን አለች?»

ውሸት እፈራለሁ። «እሳቸው ተኝተው ነበር፤ የተናገረው ዱካክ ነው» አልሁት።

«ዱካኩስ ምን አለ?»

«እርስዎ የጠየቁትን ጠየቀ። በእርስዎ ድምፅ።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። የድሬ ልጅ ነው፤ ዱካክን ያውቃል። ወደ አዴ ሳያይ በሩን ዘጋው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ አዴን ለቀቋቸው። ልጃቸው አልተያዘም።

አሁን በምኖርበት አገር ሐሺሽ በሱቅ፣ በደረሰኝ ይሸጣል። ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹና አረጋውያኑ በዚሁ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ዛሬም አልፈቅድም፤ አረጋውያኑም ከእነሱ ወገን ይቆጥሩኛል። ባለፈው አንደኛው አዛውንት «ሱሰኛ ልጁንም ይሸጣል» ሲሉ ግን ያ ዙርባ ጠረጴዛው ላይ ታየኝ። «አይሸጥም፣ አባባ» አልኋቸው። ከየት እንዳወቅሁት አልጠየቁኝም።

የቦታውን ስም ለማንም አልነገርሁም፤ እዚህም አልጽፈውም። አንዳንድ ቀን ቀትር ላይ ጋደም ስል በቤቴ በር ሥር ያለው ብርሃን ይቆረጣል። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ የገዛ እግሬን አውራ ጣት እይዛለሁ፤ ብርሃኑ እስኪመለስ።