ሁለቱ ሰማያዊ ልቃቂቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይህን ከስሜ ቀድመው ነው የሚያውቁት። አምና ስለ ፈለኮች ላስተምር ስል አክስቴ ትዝ አለችኝ። አክስቴ የበግ ጠጉር እየፈተለች፣ ቀለም እየነከረች ለስጋጃ ሠሪዎች ትሸጣለች። እኔንም ያሳደገችኝ በዚሁ ሥራ ነው።

"እትዬ፣ ስምንት ልቃቂት ሥሪልኝ፤ ክፍል ውስጥ እሰቅላቸዋለሁ" ብዬ የፈለኮቹን ሥዕል ሰጠኋት። ሥዕሉ ላይ ዩራነስ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ኔፕቱን ደግሞ ድፍን ያለ ጥቁር ሰማያዊ ነው።

"እነዚህን ሁለቱን ምን ትሏቸዋላችሁ?"

"ግዙፍ የበረዶ ፈለኮች።"

"ውርጭ ነጭ አይደል እንዴ? እነዚህን ምን ሰማያዊ አደረጋቸው?"

ላያቸው ሃይድሮጅንና ሂሊየም የሚባል ጋዝ እንደሆነ፣ አብሮት ያለው ሚቴን የፀሐይን ቀይ ብርሃን ስለሚውጥ ሰማያዊው ወደ እኛ እንደሚመለስ ነገርኳት። ከሥር ያለው ደግሞ ውሃ፣ አሞኒያና ሚቴን ነው፤ ግን እንደ በረዶ የደረቀ ሳይሆን ተጨምቆ የሚፋጅ ወፍራም ፈሳሽ ነው።

"የሚፋጀውን በረዶ አላችሁት? ወይ የተማረ ሰው!" ብላ ሳቀችብኝ።

በሳምንቱ ልቃቂቶቹን ልወስድ ቤቷ ሄድኩ። ስድስቱ ድንቅ ናቸው። ዩራነስና ኔፕቱን ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት! ሁለቱም ወደ አረንጓዴ የሚወስዳቸው ፈዛዛ ሰማያዊ። ደሜ ፈላ።

"ምነው እትዬ፣ ዓይንሽ አያይም እንዴ?" ብዬ ጎረቤቶቿ ፊት ጮኽኩባት። ልቃቂቶቹን ከረጢት ውስጥ ከታ አቀበለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለም መንከር ተወች። ለምን ስላት "ደከመኝ" ትለኛለች። ያልተነከረውን ጠጉር ብቻ ስለምትፈትል ገበያዋ ቀዘቀዘ። ያን አፌን በቆረጠው እያልኩ ከረምኩ። ያለዚያ ሥራ እኮ መተዳደሪያ የላትም።

ዘንድሮ ለክፍል ስዘጋጅ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር ከወንበሬ አስነሳኝ። ያ የኔፕቱን ሥዕል ደመናው ጎልቶ እንዲታይ ተብሎ ቀለሙ እንዲደምቅ የተደረገ ነው። በእውነተኛ መልካቸው ሁለቱም ፈዛዞች ናቸው፤ ኔፕቱን ጠቆር የሚለው በጥቂቱ ነው። ኧረ ጉዴ! ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

"እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይቅር በይኝ! ልክ አንቺ ነበርሽ፤ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው። ዓይንሽ ምንም አልሆነም!"

ደስታዬን ተሸክሜ እንድታቅፈኝ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንዝርቷን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ለያይቼ የነከርኳቸው መስሎኝ ነበር። አንዱን ከጥቁሩ ሰማያዊ፣ አንዱን ከፈዛዛው። አንድ መሆናቸውን ያወቅሁት አንተ ስትጮህ ነው።"

ዓይኗ ቀለም መለየት እንዳቃተው አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ይዛው ኖራለች። አፈርኩ፤ አለቀስኩም። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ያን ዕለቱን ትነግረኝ ነበር።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ጋ ይዣት ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ የሹራቤን እጅጌ በጣቶቿ ዳሰሰችው። ድሮ ራሷ ነክራ፣ ራሷ ሠርታ የሰጠችኝ ሹራብ ነው።

"ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ሰማያዊ ነው፣ እትዬ።"

"የትኛው ሰማያዊ?"