ዝም ያለው ጊታር

ጊታሬ ሳልነካውም ይጮህ ነበር። አምፕሊፋየሩ ተሰክቶ ከተከፈተ፣ ክሮቹን በመዳፌ አፍኜ ብይዛቸው እንኳ፣ ከሳጥኑ ውስጥ እዝዝ የሚል ድምፅ ይወጣል። ፍሎረሰንት ባለበት አዳራሽ ይብሳል። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አምስተርዳም፣ ቢልመር ሰፈር ውስጥ ለእኛ ባንድ የሚከራይ አዳራሽ ሁሉ ፍሎረሰንት ነበረው።

ከክሮቹ ስር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ። ማግኔት ላይ እንደ ድውር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሰው እሱ ነው። እንደ እኔ ጊታር ያሉት የድሮዎቹ አንድ ጥቅል ብቻ አላቸው። አንድ ጥቅል ሲሆን ድምፁ ጥርት ይላል፣ ጣት ክሩን ሲለቅ ይሰማል፤ የባቲን ቅኝት ከተጫወትክበት ክራር ነው የሚመስለው። ችግሩ ያው ሽቦ የግድግዳውን ኤሌክትሪክም አብሮ ይለቅማል። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ስጫወት የነበረው በእንደዚህ ዓይነቱ ስለሆነ፣ አምስተርዳም አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ሳየው አላመነታሁም። እዝዝታውን እንደ ጎረቤት ልጆች ጫጫታ ለምጄዋለሁ።

አንድ መላ ነበረኝ። ጊታሩን ታቅፈህ ቀስ እያልክ ስትዞር እዝዝታው የሚቀንስበት አቅጣጫ ታገኛለህ። በቢልመሩ አዳራሽ ያ አቅጣጫ ወደ ወጥ ቤቱ በር ነበር፤ ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ጀርባዬን ሰጥቼ እጫወታለሁ። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አጎት አስጠሩኝና «ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉኝ። ስለ ማግኔትና ስለ ሽቦ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ሰምተው ሲጨርሱ «እሺ፣ ገብቶኛል። አሁን ግን ዙር» አሉኝ።

ዘፋኛችን ቀን ቀን ዘ ሄግ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እኔ ስኪፖል አየር ማረፊያ አውሮፕላን አጸዳለሁ። ቅዳሜ ስንገናኝ ዝግጅቱን የምትከፍተው በእንጉርጉሮ ነበር። ያለ ከበሮ፣ ያለ ምት፣ ብቻዋን ሁለት ሦስት ስንኝ ታወርዳለች። እኛ እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃታለን፣ መጨረሻው ላይ አብረን እንገባለን። መነሻ ድምፅ የሚሰጣት ሰው የለም፤ ነገር ግን እኛ በምንገባበት ድምፅ ላይ ሁልጊዜ ቆማ ነው የምናገኛት። ሰው ሁሉ «ፈጣሪ የሰጣት ጆሮ» ይላል። እኔም እል ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ታዲያ ከእሷ ድምፅ ሌላ የሚሰማው የእኔ ጊታር እዝዝታ ብቻ ነው።

ካሴት እንቅዳ የሚል ሐሳብ መጣ። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር የሚኖር፣ አዲስ አበባ ኖሮ አማርኛ እንደ እኛው የሚናገር ኤርትራዊ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ እዚያው ወደብ ላይ ይሠራል። እሱ ያስተዋወቀን ፈረንጅ ቀጂ የልምምዳችንን ቴፕ ሰማና፣ ጊታሩ እንዲህ ከሆነ ማሽኔን አላስነሳም አለ። ኪቦርድ ግን ካልተነካ አይጮህም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በእኔ ቦታ ኪቦርዱን ለማስገባት መመካከራቸውን ከሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። የነገረችኝ ዘፋኟ ራሷ ናት፣ ባቡር ስንጠብቅ።

«አንተን ማስወጣት ፈልገን አይደለም» አለችኝ። «ያንን ድምፅ ግን አስወጣልኝ። ካልሆነ በኪቦርድ እንቀዳለን፤ አንዴ በኪቦርድ ከተቀዳ ደግሞ…»

አልጨረሰችውም። ደነገጥኩ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ይሄ እኔ ነኝ የምለው ነገር ያ የቅዳሜ ቦታዬ ብቻ ነበር። ስኪፖል ውስጥ ስሜን የሚጠራው የፈረቃ አለቃዬ ነው፤ እሱም በትክክል አይጠራውም።

ዘ ሄግ ውስጥ ጃቫ ተወልዶ ያደገ፣ በወጣትነቱ ዳንስ ቤቶች ውስጥ የተጫወተ ጊታር ጠጋኝ ነበር። ወሬ ይወዳል፣ ክርክር ደግሞ የበለጠ ይወዳል። መጀመሪያ ያቀረበልኝ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያለውን ፒክአፕ ነው። አንዱ የለቀመውን እዝዝታ ሌላው በተቃራኒው ለቅሞ ያጠፋዋል። ሱቁ ውስጥ ባለ ጊታር ላይ ሞከርነው፤ እውነትም ዝም አለ። ባቲ ስጫወትበት ግን ክራሩን ጉንፋን ይዞታል። እሱን ለማስገባት የጊታሬን እንጨት መቁረጥም ያስፈልጋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ እምቢ አልኩ። ሰውዬው «የዛሬ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚጫወተው» አለኝ። የዛሬ ሰው እንዳልሆንኩ ነገርኩት።

ቀጥሎ የጊታሩን ሆድ በመዳብ ወረቀት ለበጠው። ከፍሎረሰንቱ የሚመጣው ጭርጭርታ ሄደ፣ እዝዝታው እንዳለ ቀረ። በመጨረሻ ሁለቱን ጥቅሎች አንዱን ባንዱ ላይ የደራረበ ፒክአፕ አመጣ፤ ከላይ ሲያዩት የድሮውን ይመስላል፣ በነበረው ቦታም ይገባል። መጀመሪያ ያስገባልኝ ድምፁን አደነዘዘብኝ። ሌላ ሠሪ የሠራውን አስመጥቶ ሲያስገባልኝ ግን እዝዝታው ጠፋ፣ ጥርት ያለው ድምፅ ቀረ። ሰውዬው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ አንዴ ሱቁ ውስጥ ባለ አሮጌ ጊታር፣ አንዴ በእኔ እየተጫወተ «የቱ ነው ያንተ?» አለኝ። ተሳሳትኩ። በሕይወቴ በመሳሳቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሮጌዎቹን ፒክአፖች እሱ ጋ ትቼ ባቡር ላይ ስወጣ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ከባንዱ ጋር ሳንለማመድበት የመቅጃው ቀን ደረሰ። ስቱዲዮው ሮተርዳም ውስጥ አሮጌ መጋዘን ስር ነበር። ጊታሬን ሰክቼ ድምፁን እስከ ጫፍ ከፈትኩት፤ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። ቀጂው በመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቱን አሳየኝ። የኪቦርዱ ባለቤት ዕቃ ሊያግዘን መጥቶ ነበር፤ ኪቦርዱን ለማንኛውም ብሎ ጥግ ላይ ዘርግቶታል። በዓይኔ ገላመጥኩት፤ ኪቦርዱን ማለቴ ነው።

ዘፋኟ እንጉርጉሮዋን ጀመረች። ስንገባ ሌላ ቦታ ነች፤ ድምፃችን ተጋጨ። ደገምን። አሁን ከፍ ብላ ጀመረች። ሰለስን፤ ወረደች። ከበሮ መቺው የሚያየው ቦታ አጥቶ ወለሉን ያያል። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀችና «ዛሬ ምን ነካኝ?» አለች። «አርጅቻለሁ መሰለኝ።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ሆና አይተናት አናውቅም።

ዕረፍት ተባለ። ውሃ ልትጠጣ ወደ ትንሿ ወጥ ቤት ገባች፤ እኔም ላጽናናት ጊታሬን እንዳነገትኩ ተከተልኳት። በሩ ጋ ስደርስ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ተደግፋ ስንኟን ለራሷ እያንጎራጎረች ነው። የጊታሬን ክር ነካ አደረግሁት። ልክ ነች፣ ቁልጭ ብላ እኛ በምንገባበት ድምፅ ላይ ናት። ፍሪጁ እዝዝ ይላል። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። እሷ ስንኟን እንደገና ጀመረች፤ ድምፁ ጠፋባት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠጋኙ ከወሬዎቹ በአንዱ፣ የአዲስ አበባም የሆላንድም ኤሌክትሪክ እኩል ነው የሚርገበገበው፣ እዝዝታው ሶል ከሚባለው ድምፅ አጠገብ ይወድቃል ብሎኝ ነበር። እኛም የምንገባው በሶል ነው። እሷ ከአዲስ አበባ ሆቴሎች ጀምሮ መነሻዋን የምታገኘው ከአምፕሊፋየሮች ጩኸት ነው። እዚህ ደግሞ ከእኔ ጊታር። ይህን እሷም አታውቅም፣ እኛም አናውቅም ነበር።

አሮጌዎቹ ፒክአፖች ዘ ሄግ ናቸው፤ ቢኖሩም ቀጂው አይቀበላቸውም። መነሻውን በጊታሬ ልሰጣት ሞከርኩ። እንጉርጉሮዋ ረጅም ነው፤ ስንኙ ሳይጋመስ የክሩ ድምፅ ይጠፋል፣ ደግሜ ስነካው ትደነብራለች። ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ያለው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፣ እሱም ጥግ ላይ ተዘርግቷል። እሱ ከገባ ምን እንደሚከተል አሳምሬ አውቃለሁ። አላመነታሁም ብል ውሸት ነው። ግን አርጅቻለሁ ብላ አምና ወደ ቤቷ ስትሄድ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ለኪቦርድ ተጫዋቹ «ሶልን በአንድ ጣት ያዝላት፣ ዝቅ አድርገህ» አልኩት።

«ለምን?»

«ግድ የለህም፣ ያዝላት።»

ያዘላት። ዘፈነች፤ ስንገባ ቆማ አገኘናት። ስለ ፍሪጁ አልነገርኳትም። አገር የመሰከረለትን ጆሮ እኔ ተነሥቼ የአምፕሊፋየር ነው ማለት ለማን ይበጃል?

ካሴቱ ወጣ፣ ተወደደም። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ሲመጣ እሷና ኪቦርዱ ሁለት ሆነው መሄድ ጀመሩ፤ ከበሮውም እዚያው ኪቦርዱ ውስጥ ነበር። ያባረረኝ የለም፤ መጠራት ብቻ ቀረ። አዘንኩ፣ ረጅም ጊዜም አዘንኩ፤ በእሷ ግን አልተቀየምኩም።

አንድ እሑድ ካሴቱን ይዛልኝ ቢልመር ቤቴ መጣች። ቁጭ ብለን ሰማነው። እንጉርጉሮዋ ስር ያ የኪቦርድ ድምፅ ተዘርግቷል፤ ቀጥሎ ጊታሬ ይገባል፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት ኮሽታ የሌለበት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

«ልፋትህ ከንቱ አልቀረም» አለችኝ። «አሁን ነው ጥሩ የሆነው። ጊታርህ መኖሩ እንኳ አይታወቅም።»

ከልቧ ነበር የተናገረችው። አመሰግናለሁ አልኳትና ካሴቱን ገለበጥኩት።