የሊቁ ጆሮ

ሰፈሩ «ሊቁ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሆቴል ውስጥ አብረውት የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ናቸው። ለማሾፍ ነበር ያወጡለት፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው። ጊታር ተጫዋች ነው ይባላል። ሚስቱን ብትጠይቋት ግን ሊቁ ጊታር ተጫዋች ሳይሆን ስለ ጊታር ተናጋሪ ነው። ሲያወራ ከአፉ ማር ይንጠባጠባል፤ ሲጫወት ጠጪው ኮቱን መፈለግ ይጀምራል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው መኝታ፣ ሌላኛው የቀረው ሁሉ። በዚያ በቀረው ሁሉ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር የእሷ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ትይዩ ደግሞ የእሱ አምፕሊፋየር ተቀምጠዋል። ሁለቱም የተሰኩት አንድ ሶኬት ላይ ነው። ጠቡ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እሷ ፔዳሉን ረግጣ የመኪናው ሞተር መዞር ሲጀምር፣ ንብ የገባበት ይመስል ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ «ዝዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይወጣል። ያኔ ሊቁ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ያነሳል። ሲጫወት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ምን እየታየው እንደሆነ እሱ ይወቅ።

«አጥፊው!» ይላል።

ታጠፋለች። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። እሱ ያችኑ ዜማ ይቀጥላል። ከተጋቡ ጀምሮ መግቢያዋን እንጂ መጨረሻዋን ሰምታ የማታውቃት ዜማ አለች፤ ግማሽ መንገድ ትሄድና ትወድቃለች፣ እሱም «እንደገና» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሰው ደረጃ ላይ ሲደናቀፍ እንደማየት ነው። አንዴ ያስቃል፣ ሁለቴ ያሳዝናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ወድቆ ቢቀር ትመኛለህ።

በዚህ «አጥፊው» የተነሳ ባለፈው ዓመት የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከእጇ ወጥቷል። ቀሚሶቹን በጊዜ ማድረስ አልቻለችም፤ ትዕዛዙ ከታች ሱቅ ላለችው ሰፊ ሄደ። ሊቁ ያን ቀን ምን አለ? «ጥበብ መስዋዕትነት ይጠይቃል» አለ። መስዋዕቱ የማን እንደሆነ አልተናገረም።

ዘንድሮ ደግሞ ምንም ያልሆነች ጊታሩን ፈታት። ለምን ፈታሃት ሲባል «ውስጧን ልይ ብዬ» ነው መልሱ። ከክሮቹ ሥር፣ ማግኔት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመባት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ፒክአፕ ይሏታል። የክሩን ንዝረት ለቅማ ወደ አምፕሊፋየሩ የምታደርሰው እሷ ናት። ሊቁ በጥፍሩ ነካ ነካ ሲያደርጋት ሽቦዋ ተበጠሰ። ጊታሯም ድዳ ሆነች።

«ድሮም አርጅታ ነበር» አለ። «ሌላ መርጬ አስገባለሁ።»

መምረጥ! እንደ እሱ መምረጥ የሚወድ ሰው አይታ አታውቅም። ሊቁ ስልኩን ይዞ ተጋደመ። ከዚያ በኋላ ሲመርጥ ይውላል፣ ሲመርጥ ያመሻል። ስልኩ ውስጥ ጢማቸውን ያሳደጉ ሰዎች ጊታር ታቅፈው እየተንቀጠቀጡ ያወራሉ፤ እሱ ደግሞ ከእነሱ የሰማውን ለእሷ ይተረጉምላታል።

«ይቺ ሞቅ ያለ ድምፅ አላት። ያቺኛዋ ደግሞ ስማት፣ እንጨታማ ናት።»

«ጊታር እንጨት አይደል እንዴ?»

«ተይው፣ አይገባሽም።»

እናቱ ሊጠይቁት መጥተው «ፒክአፕ እየመረጥኩ ነው» ሲላቸው መኪና ሊገዛ መስሏቸው እልል አሉ። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ጎረቤት «ማርሽ ያለው ነው አውቶማቲክ?» ብሎ ቢጠይቀው ሊቁ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። እሷ አልሳቀችም ይባላል፤ ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር ተያይዞ ስለወጣ ሳቋን የሰማ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ ጊታሯ ሆዷ ተቀዶ ጠረጴዛ ላይ በተኛችባቸው ወራት ቤቱ ቤት ሆኖ ነበር። መኪናዋ ሳትቆም ትሠራለች። በዚያው ሰሞን ነው የሰፈሩ ክሊኒክ ሲስተር፣ ቀጭኗና ስትናገር ሰዓቷን የምታየው፣ የነርሶች ጋውን እንድትሰፋ የሰጠቻት።

«ይሄን ለቅዳሜ ካደረስሽልኝ የክሊኒኩ ልብስ ሁሉ ካንቺ ጋር ይሆናል» አለቻት ሲስተር። «ካላደረስሽ ግን እህቴ፣ ከታች ያለችው ሰፊም እጇ ንጹሕ ነው።»

ታዲያ የሆቴሉ ባንድ አለቃም ያችኑ ቅዳሜ መርጦ ላከበት፤ «ጊታርህን ይዘህ ካልመጣህ ሌላ ሰው እናስገባለን» ብሎ። ሊቁ ደነገጠ። በወራት ያላለቀ ምርጫ በአንድ ቀን ሊያልቅ ሆነ። ሬዲዮ ጠጋኙን ጠራው።

ጠጋኙ መነጽሩን በክር ያሰረ ሽማግሌ ነው። የተሰጠውን ሬዲዮ ለመመለስ ዓመት ይፈጃል፤ ወሬ ላለበት ቤት ግን ሲጠራ አይዘገይም። ከተበላሹ ጊታሮች ያወጣቸውን ሁለት ዓይነት ፒክአፖች ይዞ መጣ። በመልክ አንድ ናቸው፤ ልካቸውም አንድ ነው። እሷ የተቆረጡትን ነጭ ጨርቆች ጉልበቷ ላይ ይዛ ታዳምጣለች።

«ይቺ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ናት» አለ ጠጋኙ አንዷን አንስቶ። «ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ግን ወሬኛ ናት፤ ሞተር ሲዞር፣ መብራት ሲበራ፣ ያንን ሁሉ ለቅማ ታመጣዋለች። እንደ ድሮዋ ማለት ነው። ይቺኛዋ ደግሞ ባለ ሁለት ጥቅል ናት። አንዱ ጥቅል የሌላውን ጉርምርምታ ያጠፋዋል። መኪናው አጠገቧ ቢጮህም ግድ የላትም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚመረጠው?» አለች እሷ።

ሊቁ ወደ ጠጋኙ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ። «አየህ ጋሼ? ከዚህች ጋር ነው የምኖረው። ነፍስ የሚባል ነገር አለ፣ አንቺ ሴትዮ! ባለ ሁለት ጥቅሏ ዝም ትላለች እንጂ ነፍስ የላትም ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«የሚያውቁት።»

«ሆቴል የሚመጡት ሰዎች ነፍስ አምጣልን አሉህ?»

ጠጋኙን ሳል ያዘው። ሊቁ ግን ሳሉን ከምንም አልቆጠረውም።

«እሺ፣ መኪናዬን ላስነሳና እሱ እየሠራ ሞክራቸው» አለች። «እዚህ ቤት አይደል የምትጫወተው?»

«ድምፅ የሚለካው በፀጥታ ነው። አጥፊው!»

አጠፋች። እዚህ ቤት ኖሮ የማያውቅ ፀጥታ ለፈተናው ብቻ ተፈጠረ። ጫማን ተቀምጦ ለክቶ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ ሲቆም የት እንደሚቆነጥጠው አይጠይቅም።

ጠጋኙ መጀመሪያ ባለ አንድ ጥቅሏን በየዳት። ሊቁ ዓይኑን ጨፍኖ ያችን ዜማ ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀች። ከዚያ ክሮቹ ላሉ፣ የብየዳው ካውያ ጨሰ፣ ሁለተኛዋ ገባች፣ ክሮቹ ተመልሰው ተወጠሩ። ዜማዋ እዚያው ቦታ ወደቀች። ለእሷ ጆሮ አንዲት ፍየል ሁለቴ የጮኸች ያህል ነው፤ ልዩነቱን ብትገደል አታገኘውም። ሊቁ ግን ግንባሩን ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

«የመጀመሪያዋ...» አለ። «የመጀመሪያዋ የሆነ ነገር አላት። ጋሼ፣ ነፍስ እኮ ነው ያልኩህ! የመጀመሪያዋን ልትመልስልኝ ነው መሰለኝ።»

ዓይኗ ጋውኖቹ ላይ ወደቀ። እጅጌያቸው ገና አልተያያዘም። ባለ አንድ ጥቅሏ ከገባች እሱ ለቅዳሜ ሲለማመድ እሷ መርፌዋን ተክላ ልትቀመጥ ነው፤ ሲስተርም ሰዓቷን አይታ ወደ ታች ልትወርድ። «ሁለተኛዋን አድርግ» ልትለው አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

ይህን ሰው ታውቀዋለች። ግራጫ ኮቱን «ያምርብሃል» ያለችው ዕለት አውልቆ ለወንድሙ ሰጥቷል። የወደደችውን መጋረጃ «የሱቅ መጋረጃ» ብሎ አስወርዷል። እሷ ያመሰገነችው ነገር እሱ ዘንድ አይከርምም፤ ትምህርቷን በልጅነቷ ያቋረጠች ሴት የወደደችው ነገር እንዴት ጥሩ ሊሆን ይችላል?

ጨርቁን አስቀምጣ ተነሳች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የመጀመሪያዋ ናት እንጂ!» አለች። «ወይ ድምፅ! እኔማ አንጀቴን ነው የበላችው። አንተ፣ ያ ሬዲዮ ላይ ያለው የሳሙና ማስታወቂያ የለም? ቁርጥ እሱን!»

ሊቁ እርምጃው ላይ ቆመ። «የሳሙና?»

«አዎ፣ ያ አረፋ አረፋ የሚለው። ሲመጣ እኮ ሥራዬን ትቼ ነው የምሰማው። በሞቴ፣ እሷን አድርጋት፤ ቤቱ ደስ ይለዋል።»

ሊቁ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ፣ ሰርቃው ልታመልጥ እንደነበረች ሁሉ፣ አተኩሮ አያት። አነሳት፣ አገላበጣት፣ መልሶ ጣላት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የሆነ ርካሽ ነገር እንዳላት ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ነፍስ ሳይሆን ጣፋጭነት ነው። ጋሼ፣ አሁን ያስገባሃት ትቆይ።»

«ተው እንጂ» አለች እሷ፣ የከፋት መስላ። «አሁን ያችን የመሰለች...»

«አልኩ፣ አልኩ! የሙዚቃ ነገር ለእኔ ተዪው።»

ጠጋኙ ካውያውን ነቀለ። ዕቃውን ሲሰበስብ ከመነጽሩ በላይ እሷን አያት፤ ከዚያ ሊቁን።

«መቼም ጆሮ ያለው ሰው ቤት ነው የገባሁት» አለና ወጣ።

«ሰማሽ?» አለ ሊቁ ደረቱ ተነፍቶ። «ሙያተኛ እንዲህ ነው የሚያውቅልህ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እሷ ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች። መኪናው ጮኸ፣ እሱ ዜማውን ጀመረ፣ ከአምፕሊፋየሩ ንብ አልወጣም። እጁን አላነሳም። መኪናው መሥራቱንም ልብ አላለም።

ጋውኖቹ ቅዳሜ በጠዋት ደረሱ። ሲስተር ስፌቱን ገልበጥ አድርጋ አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ «እጅሽ ይባረክ፣ የሚቀጥለውን ሰኞ ውሰጂ» አለቻት። ከታች ያለችው ሰፊ ሰላምታዋን አቀዘቀዘች። ሊቁም ሆቴል ሄዶ ተጫወተ፤ ጠጪውም እንደ ልማዱ ኮቱን ፈለገ። አሁን ለሰሚ ሁሉ «ፀጥታ ራሱ ነፍስ ነው፤ ይህን ያገኘሁት በጆሮዬ ነው» እያለ ይሰብካል። ባለ አንድ ጥቅል ለሚወዱ ሙዚቀኞች «የሳሙና ጆሮ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ከማን እንደሰማው ረስቶታል።

አንድ ነገር ብቻ አላሰበችበትም ነበር። ድሮ ልቧ ሲደርቅ፣ «አጥፊው» ቢልም እንዳልሰማች ሆና ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ ማድረግ ነበረ፤ ጉርምርምታው ሲያስመርረው ጊታሩን ጥሎ ይወጣል፣ እሷም ትንሽ ታርፋለች። አሁን የሚያስወጣው ነገር የለም። ከቁርስ በኋላ ይጀምራል፤ መብራት እስኪበራ ይጫወታል። ዜማዋ እዚያችው ቦታ ትወድቃለች፣ «እንደገና» ይላል፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። እሷ እጅጌ ትገጥማለች።

«ትሰሚያለሽ?» ይላታል ዓይኑን እንደጨፈነ። «ምንም ድምፅ የለም እኮ!»

«አልሰማሁም» ትላለች፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣ።