ግርማ ወይስ ከድር

ባለፈው ሳምንት የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ አንድ አናጢ ዘንድ ገብቼ ነበር። ሰውዬው የደረቀ ወይራ ይልግ ኖሮ፣ ከመላጊያው ሥር እየተጠቀለለ የሚወድቀው ፍቅፋቂ ያንን ቅባት ቅባት፣ ጥቂትም መረር የሚል ሽታውን ሲለቀው የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋኝ። ምን ያህል ቁመት እንደምፈልግ ደጋግሞ ጠይቆኝ መልስ ሲያጣ ወንበር አቀረበልኝ፤ እርጅና መስሎታል። እኔ ግን አሰላ ነበርኩ፤ ጭኔ ላይ የሰው ሸሚዝ ዘርግቼ፣ ቁልፍ እየተከልኩ፣ በአቶ ደግፌ ልብስ ስፌት ቤት በረንዳ ላይ።

ያኔ አሰላ ውስጥ ለእኛ ወይራ ማለት የመምቻ ዱላ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ወጣት አሜሪካዊ አስተማሪ ወደ ከተማችን መጥቶ ተማሪዎቹን ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለማመዳቸው። ይዞት የመጣው ዱላ ብዙ ሳይቆይ ስለተሰነጠቀ ከወይራ ጠርበው ሌላ ሠሩ፤ ኳሷም ገብስ ውስጥ ገብታ ስትቀር አቶ ደግፌ ከአሮጌ ኮርቻ ቆዳ ሌላ ሰፉላቸው። ከተማው ጨዋታውን የተረዳው በራሱ መንገድ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ ከዚያ በአራት ድንጋዮች ዙሪያ ይሮጣል፤ ይህ ለትልልቆቹ ሰዎች ከንቱ ልፋት ነበር። ልባቸውን የወሰደው ኳሷ ከሜዳው ጫፍ ካለው የባሕር ዛፍ ረድፍ በላይ በራ ገብሱ ውስጥ ስትወድቅ ነው። አስተማሪው «ሆምራን» ይለዋል፤ የእኛ ሰዎች «አሻገረ» ነበር የሚሉት።

የሚያሻግሩ ደግሞ ሁለት ነበሩ፦ ታላቅ ወንድሜ ግርማና የእህል ነጋዴው የጋሼ ሁሴን የእህት ልጅ ከድር። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር በበረንዳው ላይ ከጠዋት ይጀምራል። አቶ ደግፌ የግርማ ወገን ነበሩ፤ ኳሷን የሰፋ ሰው አበራረሯንም ያውቃል ባይ ናቸው። ጋሼ ሁሴን ከማዶ መጥተው በርጩማ ላይ ይቀመጡና፣ ገበያተኛ ቢጠራቸው እንኳ «ቆይ አቦ፣ ሰው እያስረዳሁ ነው» ይላሉ።

«ግርማ የሚመታው ወደ ላይ ነው፤ ጭልፊት ሊያወርድ ነው? የከድር ግን፣ ወላሂ፣ እንደ ጥይት ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው!»

«ቀጥ ብላ ሄዳ የመምሬን በቅሎ አስበረገገች፤ እሱንም አሻገረ በሉና!»

«በቅሎዋ የቆመችው ከዛፉ ማዶ ነዋ! ይኸው ራስዎ መሰከሩ!»

አንድ ቀን አቶ ደግፌ ነገሩን በሜትራቸው ሊቆርጡ ቆርጠው ተነሡ፤ ገብሱ መሐል ቁጢጥ እያሉ ሲለኩ የእርሻው ባለቤት እየጮኸ መጣባቸውና የሚገቡበት ጠፋቸው። አስተማሪው እንዲዳኝ ቢጠየቅ «ሁለቱም ጎበዝ ነው» አለ፤ በፈሪነት ታማ።

በመጨረሻ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሁለቱ ከተማው ፊት ተራ በተራ መትተው እንዲለይላቸው ተስማሙ። ነገር ግን በጾሙ አጋማሽ፣ በልምምድ ላይ፣ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ ግርማን አንሸራተተውና በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። ክንዱ ከአንጓው በላይ ተሰበረ።

ወጌሻው አባባ በዳሶ ተጠሩ። እውነቱን ለመናገር አባባ በዳሶ ዐዋቂ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ከፈረስ ወድቆ የተሰበረ እግሩን ጠግነው ያስሄዱት እሳቸው ናቸው። አጥንቱን ገጠሙ፣ የቀርከሃ ስንጣሪ ዙሪያውን ደርድረው በጨርቅ ያስሩ ጀመር። ቤቱ በሰው ሞልቷል። ግርማ ጥርሱን ነክሶ «አባባ፣ ጠበቅ ያድርጉልኝ፤ ለዳግማይ ትንሣኤ ልድረስ» አላቸው። ጋሼ ሁሴንም ከበሩ ላይ ሆነው «ጠበቅ ነው እንጂ፣ ጠበቅ! ሳይለይለት ሊያመልጠን ነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግርማም ሕመሙን እንደያዘ ሳቀ። ጨርቁ ጠበቀ። አባባ በዳሶ ሲነሡ «እኔ ሳልመጣ ማንም እንዳይነካው» ብለው አዘዙና፣ ራቅ ብላ ባለችው ጢቾ ለቅሶ ነበረባቸውና በዚያው ሄዱ።

በማግስቱ ጣቶቹ አበጡ። የማጎርሰው እኔ ስለነበርኩ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጫፎቻቸው እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቆሩ፤ ስነካቸው ይቀዘቅዛሉ፣ እሱ ግን መነካቱን አያውቅም። ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ለአባቴ። አባቴ መጥቶ አየ፣ ያን የተጠገነ እግሩን አሻሸ፣ «ያሰረው ሰው ሳይመጣ ማን ይፈታዋል? አጥንቱ ቢዛነፍስ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱን በእግሩ ያቆሙት ሰው ቃል ሆኖበት ነው። ወደ ጢቾ ፈረሰኛ ላከ። ፈረሰኛው ዝናብ ይዞት ዘግይቶ ሲደርስ አባባ በዳሶ ከለቅሶው ወደ ጎበሳ፣ ለሌላ ስብራት፣ ተጠርተው ሄደዋል።

እኔ ቋጠሮውን እያየሁ እቀመጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ በመርፌ የሚውሉ ጣቶቼ ያንን ለመፍታት ብዙ አይቸገሩም ነበር። አንድ ጊዜ እጄን ብዘረጋ ራሱ ግርማ «ተይ! ይዛነፋል!» ብሎ ጮኸብኝ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይልቅ ዛሬ ምን አሉ?» አለኝ።

በረንዳው ላይ የተባለውን አመጣለታለሁ። ከድር ትናንት በጣም አሻገረ ተባለ ስለው፣ ዓይኖቹ በትኩሳት እንደጋሉ «ነፋስ ረድቶት ነው በያቸው» ይለኛል። ሄጄ እላቸዋለሁ። ጋሼ ሁሴን «ያ ረቢ! ታሞም ይከራከራል!» ብለው በደስታ ጭናቸውን ይመታሉ። ጣቶቹ ጠቁረዋል ስላቸው ግን «የሚጠግን አጥንት እንዲያ ነው፣ ልጄ፤ አትፍሪ» ይሉኛል። የምናገረው ሁሉ እንዲህ ባለ ደግ ቃል ይመለስልኝ ነበር። ከዚያ በላይ የሚጮህ ድምፅ አልነበረኝም።

ክፍሉ መሽተት ሲጀምር አባቴ እያለቀሰ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ጠራ። ድሬሰሩ ጨርቁን በመቀስ ቆርጦ እንዳየ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግርማ በእህል ጫኝ መኪና አዲስ አበባ ተወሰደ፤ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት። አባባ በዳሶ ሲመለሱ ደጃችን ላይ ተቀምጠው አለቀሱ እንጂ ወደ ውስጥ መግባት አልቻሉም።

ግርማ ወደ አሰላ የተመለሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። የሸሚዙን እጅጌ አጥፌ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ለብሶት በቀጥታ ወደ በረንዳው መጣና ተቀመጠ። አቶ ደግፌ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቆሙ። ከድር ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። ግርማ ፊታቸውን ተራ በተራ አየ።

«እሺ፣ ተለየ? ማን ነው ታዲያ?» አለ እየሳቀ።

ጋሼ ሁሴን መሬት መሬት እያዩ «ግርማ ነው እንጂ» አሉ። «ምን ክርክር አለው፣ ልጄ። ዱሮም ግርማ ነበር።»

አቶ ደግፌ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከድርም «አዎ» አለ።

የወንድሜ ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየሁ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለ። «ወደ ላይ ነው የሚመታው ይበሉ እንጂ! ከድር ነው ይበሉኝ!» ድምፁ ልመና ሆነ። «እባክዎ፣ ጋሼ።»

«ግርማ ነው» አሉ እሳቸው፣ አንገታቸውን እንደደፉ።

ያን ዓመት በግራ እጁ መጻፍ ጀመረ። ግራ እጁ እንደ እኔ ማይም ስለነበረች ፊደልን አብረን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ ተማርን፤ እኔ ወደ ትምህርት ቤት የገባሁትም በዚያ በኩል ነው። በኋላ የመንግሥት ጸሐፊ ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሸመገለ። ስለ ዝናቡም ሆነ ስለ እህል ዋጋ አንድ ነገር ሲናገር፣ ቀና ብሎ የሚቃወመውን ሰው በዓይኑ ይፈልግ ነበር። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ። «ልክ ነህ፣ ግርማ» ይሉታል። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ አሰላ ውስጥ ወንድሜን አንድም ሰው ተከራክሮት አያውቅም።